የሌብል ክፍሉ ክቡር ኃላፊ

አልቆ የተቀመጠ ነገር ሲያዩ የሚያማቸው ሰዎች አሉ። በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። ግድግዳው ተቀብቶ፣ ቀለም ቀቢው መሰላሉን ተሸክሞ በር ላይ ሲደርስ «እዚያች ጥግ ላይ ግን…» የሚሉት እነሱ ናቸው። የታሸገ ደብዳቤ ሙጫው ሳይደርቅ የሚያስከፍቱትም እነሱ ናቸው። ክፋት የለባቸውም። ክፋት ቢኖርባቸውማ ተጣልቶ መገላገል ይቻል ነበር።

ለለውዝ ቅቤ አምራቿ የደረሷት ታላቅ ወንድሟ ናቸው። እሷ «ጋሼ» ትላቸዋለች። ለውዙን የሚቆሉትና የሚፈጩት ሁለት ሴቶች ግን ከጀርባቸው «አቶ አንዲት ነገር» ብለው ሰይመዋቸዋል፤ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ቀድማ የምትወጣው «አንዲት ነገር ብቻ!» ናትና።

ነገሩ የተጀመረው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። ጠርሙሶቿ ላይ የሚለጠፍ ሌብል ልታሳትም ብትሄድ ማተሚያ ቤቱ ከአምስት ሺህ በታች አላትምም አላት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«አምስት ሺህ? ሁሉም አንድ ዓይነት? ኋላ ስህተት ብናገኝበትስ? አንቺ ልጅ፣ እዚሁ እኛው እናትመዋለን። እኔስ ብሆን ምን ሥራ አለኝ?»

ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ አንጀቷን በላችው። ጋሼ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ከወጡ ወዲህ መስኮት ዳር ተቀምጠው መንገድ ከማየት በቀር ሥራ አልነበራቸውም። ጢማቸውን መላጨት እንኳ ትተው ነበር። እናም ፕሪንተር ተገዛ፤ ባዶ ጆንያ የሚከመርበት ክፍል ተጠረገ፤ በሩ ላይ «የማተሚያ ክፍል» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። በማግስቱ ጋሼ ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከረባት አስረው በሥራ ሰዓት ከተፍ አሉ። በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ትንሽ አዩና «አንዲት ነገር ብቻ» ብለው ቀየሩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስታወራ መጀመሪያ በረጅሙ ትተነፍሳለች። ሰኞ ሌብሉ አረንጓዴ ነው። ረቡዕ አረንጓዴው «በሽተኛ ይመስላል» ተብሎ ቡናማ ይሆናል። የለውዟ ሥዕል ከግራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ እዚያም አርፋ ሳትቀመጥ ትመለሳለች። የፕሪንተሩ ቀለም ደግሞ ውሃም ዘይትም አይችልም። ሴቶቹ ጠርሙሱን በጨርቅ ሲወለውሉት ቀድሞ የሚጠፋው ክብደቱ ነው፤ ስንት ግራም እንደሚይዝ የሚያውቀው አንድ አምላክ ብቻ ይሆናል።

ደንበኞችም ግራ ገባቸው። አንዷ ደውላ «የሚጣፍጠው ያ ባለ አረንጓዴው ነበር፤ ይሄ ቡናማው ምኑም አይጥምም» አለቻት። ሁለቱም ከአንድ ወፍጮ የወጡ ናቸው። የሰፈሩ ባለሱቅ ደግሞ አዘነላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ መከራት።

«እህቴ፣ እንዳይከፋሽ እንጂ ያ ባለ ቢጫ ሌብሉ ሰውዬ በልጦሻል። ተጠንቀቂው።»

ባለ ቢጫውም እሷው ናት። አመሰግናለሁ ብላ ወጣች።

ይህ ሁሉ ሆድ ይፍጀው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ግን ሁለት ዓመት ደጅ የጠናችው ባለ ስድስት ቅርንጫፍ መደብር በመጨረሻ ምርቷን ልውሰድ አለ። አራት መቶ ጠርሙስ፣ አንድ ቅድመ ሁኔታ፤ ሌብሉ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሁን። ይህ ከተሳካ ሁለቱን ሴቶች ሦስት ልታደርግ፣ ያረጀውንም ወፍጮ ልትቀይር ነው። ካልተሳካ ያው ሰፈር ለሰፈር መዞሩ ነው።

«ጋሼ፣ ስሞትልህ፣ ይቺን ሳትነካ አራት መቶ ጊዜ አትምልኝ።»

«ምን ቆርጦኝ ነው የምነካት!»

አራት መቶው ተጭኖ ሄደ። የመደብሩ ዕቃ ተረካቢ ሦስት ጠርሙስ አንስታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። በአንደኛው ለውዟ ግራ ናት፤ በሁለተኛው ቀኝ፤ በሦስተኛው ሁለት ሆናለች።

«እናቴ፣ ያንቺ የትኛው ነው?»

ዕቃው እንዳለ ተመለሰ። ሁለት ሳምንት ተሰጣት፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ሰው እንደሚፈልጉ በትህትና ተነገራት።

ጋሼ በር ላይ ቆመው ሲጠብቋት ደረሰች። ሁሉንም ከፊቷ አነበቡት።

«ብቻዋን ሆና ሳያት አሳዘነችኝ» አሉ፣ ስለ ሁለተኛዋ ለውዝ።

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ድካሙ ቀደማት። ገብታ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። ሌብሉን ውጭ ማሳተም ቀላል ነው። ከባዱ ጋሼን ወደዚያ መስኮት መመለስ ነው። ሦስት ቀን አወጣች አወረደች። በአራተኛው ቀን ሰው ያየኛል እንደሚል ሌባ ግራ ቀኟን እያየች ማተሚያ ቤት ገባች።

ሌብሉ በጥቅል መጣ፤ አምስት ሺህ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ዘይት የማይበግረው። ሴቶቹ ሥራ አቁመው ተሰበሰቡ። ክቡር ኃላፊው መነጽራቸውን አጠለቁ፤ በላዩ ማጉያ ደረቡበት። ከላይ ወደ ታች አነበቡ። ከታች ወደ ላይ አነበቡ። ለውዟ መሃል ላይ ኮራ ብላ ተቀምጣለች። የሚነካ የለም። ፊታቸው ቀስ በቀስ ሲጠወልግ አየች። እጃቸው ወደ አገጫቸው ሄዶ የተላጨውን ቆዳ ሲዳብስ ደግሞ ምነው ባላመጣሁት አለች በልቧ።

በድንገት ቀና አሉ።

«አንዲት ነገር ብቻ! ቀኑስ? የተመረተበት ቀን የሚገባበት ሳጥን ባዶውን ነው! እነዚህን ነው ባለሙያ የምትዪኝ?»

«ውይ!» አለች። «ጉድ ሠሩኝ። አሁን ምን ይሻላል ጋሼ?»

ምን እንደሚሻልማ ጋሼ ያውቃሉ። ከመሳቢያቸው መዝገብ ቤት ሳሉ ይጠቀሙበት የነበረውን ዓይነት ቀን መምቻ ማኅተም አወጡ። እጅጌያቸውን ሰብስበው ተቀመጡና አንድ፣ ሁለት እያሉ መምታት ጀመሩ። ሌብሉ ሁሉ ሲያብለጨልጭ ያቺ ሳጥን ብቻ አታብለጨልጭም፤ ማኅተሙን ጥርት አድርጋ ትይዛለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ነጥብ ያላመለጠቻቸው ጋሼ ይህን አላስተዋሉም። ወይም አስተውለው ዝም ብለዋል።

በቀጠሮው ቀን ተረካቢዋ ሦስት ጠርሙስ ደረደረች። አላመነችም፤ አራተኛ ጨመረች። ከዚያ ፈረመች።

ከወር በኋላ ማተሚያ ቤቱ ደወለ።

«ያኔ ቀኑን እናትምልሽ ስንልሽ አይሆንም፣ ሳጥኑን ባዶ ተዉልኝ ብለሽን ነበር። አሁን ቀን የሚመታ ማሽን ገብቶልናል። ራሱ ነው የሚመታው፤ ሰው አያስፈልገውም። እንላክልሽ?»

በተከፈተው በር ወደ ማተሚያ ክፍሉ ተመለከተች። ጋሼ ማኅተሙን ወደ ብርሃን ይዘው፣ ቁጥሩ የፀጉር ያህል ወደ ግራ ማዘንበሉን ለአንዷ ሴት ያስረዳሉ። ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ዛሬ ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። ባለቤቲቱ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ይቅርብኝ» አለች። «የኛው ጢሙን ተላጭቶ ነው የሚመጣው።»