ከጠዋት እስከ ማታ

እንግሊዞች ከጠዋት እስከ ማታ እየጠጡ የሚውሉበትን ድግስ «ኦል ደየር» ይሉታል። የእኛስ ኦል ደየር የትኛው ነው? ለቅሶ ነዋ።

እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ አርችዌይ ሰፈር ጎረቤቴ የነበሩት ጋሽ ታፈሰ፣ ሟቹን አወቁትም አላወቁትም፣ ለቅሶ ቤት ከሁሉ ቀድመው ገብተው ከሁሉ ኋላ ይወጡ ነበር። ዋይት ሲቲ ሰፈር አንድ ለቅሶ ላይማ የሟች ወንድም መስለውት ሰው ሁሉ እሳቸውን ሲያጽናና ዋለ። እኛ ደግሞ ምግብ ፍለጋ ነው እያልን እናማቸዋለን።

«ጋሼ፣ ቤትዎ አይሄዱም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ማን አለ ብለህ?» አሉኝ።

ባለፈው ወር እሳቸው ሞቱ። ለቅሶ የሚቀመጥላቸው ዘመድ ስላልነበረ ከቀብር መልስ ሁላችንም በየአውቶቡሳችን ተበተንን። ሙሉ ቀን ፈቃድ የሰጠችኝ እንግሊዛዊት አለቃዬ ከምሳ በፊት ሥራ ስገባ አየችኝና፣ «ቀብሩ ለሌላ ቀን ተላለፈ እንዴ?» አለችኝ።