መምህር ደመላሽ የባለወፍጮውን ፊልም ለመዳኘት የተቀመጡበት እሑድ ዜና

በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፥ ወርኃ ሐምሌ በተጋመሰ ጊዜ፥ ትልቁ ቴሌቪዥን በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ከነገሠ ወዲህ በሁለተኛው ክረምት፥ ትምህርት ቤት ተዘግቶ መምህራን ሁሉ ቤታቸው በዋሉበት ወራት፥ በደብረ ማርቆስ ከተማ ከአብማ ማርያም ዝቅ ብሎ ባለው ሰፈር፥ ሞገሰ ፊዚክስ፥ ጸዋሬ ጠመኔ፥ መፍቀሬ ፊልም የሆኑት መምህር ደመላሽ ያደረጉትን ሁሉ፥ የሚያስመሰግነውን ከማያስመሰግነው ሳንለይ እንጽፋለን።

ጸሐፊውም ራሳቸው መምህር ደመላሽ ናቸው። ነገሥታት ጸሐፌ ትእዛዝ ነበሯቸው፤ መምህር ደመላሽ ግን ባለቤታቸውን ወይዘሮ የኔአለምን ይህን ታሪክ እንድትጽፍላቸው በለመኗት ጊዜ ስለ ሳቀች፥ ብዕሩን ራሳቸው አነሡ። ራሳቸውን በአንቱታ መጥራታቸውም እንደ ትዕቢት አይቆጠርባቸው፤ በቤታቸው ውስጥ አንቱ የሚላቸው ስለሌለ ነው።

የዘመቻው መነሻ እንዲህ ነው። በስልካቸው ላይ የፊልም ወዳጆች የሚሰበሰቡበት አንድ የቴሌግራም ቡድን አለ፤ በዚያም ስለ አንድ የድሮ አስፈሪ ፊልም ጠብ ተነሣ። ፊልሙ በባሕር ማዶ የተሠራ፥ በዕድሜ መምህር ደመላሽን የሚበልጥ፥ ቀለሙ ታጥቦ ያለቀ ነው፤ የሞተ ባለወፍጮ ነፍሱ ተመልሳ በአንዲት ትንሽ ልጅ ሥጋ ስለ መወለዷ ይናገራል። ካዩት ሰዎች አንዱ፥ «ካየሁት ወዲህ ሽንት ቤት ብቻዬን አልሄድም» ብሎ ጻፈ። ሌላው፥ «እኔን ያስፈራኝ የተዋናዮቹ ጸጉር ብቻ ነው» አለ። አንድ የአምበር ሰው፥ «ግማሹን አይቼ እንቅልፍ ወሰደኝ፥ የቀረውን በሕልሜ ጨረስኩት፤ የሕልሜ ይሻላል» አለ። አንዲት የጉንደ ወይን ሴት ደግሞ፥ «የሚያስፈራ ሳይሆን የሚያሳዝን ፊልም ነው» ብላ በጻፈች ጊዜ የፈሩትም የተኙትም አንድ ሆነው ተነሡባት።

መምህር ደመላሽም ፊልሙን ገና ሳያዩት ተቆጡ፤ ተቆጥተውም እንዲህ የሚል ዐዋጅ ለቀቁ፦

«የቡድኑ ሰዎች፥ ኢንተርኔት ያላችሁ አንብቡ፥ የሌላችሁም ሲመጣላችሁ አንብቡ። አስተያየት በዝቶ ፍርድ ጠፍቷል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር ኃይል እንጂ ነፍስ አይደለም፤ ይህን ዘጠነኛ ክፍል እናስተምራለን። እኔ ደመላሽ በመጪው እሑድ ከምሳ በኋላ፥ ዓይኔን ሳልጨፍን፥ ከወንበሬም ሳልነሣ ፊልሙን እስከ ፍጻሜው አይቼ ፍርድ እሰጣለሁ። ፈርቼ የተገኘሁ እንደሆነ ከዚህ ቡድን ልውጣ።»

ብዙ ሰው የሳቅ ምልክት መለሰላቸው። መምህር ደመላሽም ይህን ከድጋፍ ቆጠሩት።

ወኮነ በይእቲ ዕለት፥ እሑድ በደረሰ ጊዜ ሳሎኑ ለጦርነት ተዘጋጀ። ቀን ቀን ነውና ጨለማ አልነበረም፤ ስለዚህ መምህር ደመላሽ ነጭ ጋቢያቸውን ከወንበራቸው ጀርባ ባለው መስኮት ላይ በምስማር ሰቀሉ፥ ምስማሩንም በራሳቸው እጅ መቱ፥ ጣታቸውንም ከምስማሩ ጋር መቱ። ቆሎ በሳህን ተሞላ፥ ፊልሙ ያለበት ፍላሽ ተሰካ፥ ሪሞቱም በቀኝ እጃቸው ሆነ።

የተከተላቸው ሠራዊት ይህ ነው። በቀኝ በኩል ጎረቤታቸው የኔታ ገዳሙ፥ ቅኔ ያስቆጠሩ፥ ደቀ መዛሙርት ያፈሩ፥ ፊልሙን ሊያዩት ሳይሆን ሊረቱት የመጡ ናቸው። ከበሩ አጠገብ ወይዘሮ የኔአለም፥ የሰፈሩ ልብስ ሰፊ፥ በጭኗ ላይ የሰው ሸሚዝ ይዛ ቁልፍ እየተከለች፥ ዘመቻውን በአንድ ዓይኗ ብቻ ልትከታተል የፈቀደች ናት። ሌላ ሠራዊት አልነበረም፤ ከመምህራን የተጠሩት ሁሉ ዝናቡን ሰበብ አድርገው ቀርተዋልና።

ፊልሙ ሊጀመር ሲል በሩ ተንኳኳና ወይዘሮ ሥራነሽ ገቡ። እኚህ ሴት በዕድሜ የመምህር ደመላሽን እናት የሚያክሉ፥ ቤታቸውም በአጥር የሚዋሰን ነው። ባለቤታቸው አናጢው አቶ አበረ ባለፈው ኅዳር ከሞቱ ወዲህ፥ ጥቁር ለብሰው ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይወጡም፥ ሰው ሲያናግራቸውም «ደኅና ነኝ» ከማለት አያልፉም። የኔአለም በዚያ ዝናብ ብቻቸውን መቀመጣቸው አንጀቷን ስለ በላት ነበር የጠራቻቸው። ስትጠራቸው ፊልሙ ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ መምህር ደመላሽም ማን እንደተጠራ አልጠየቁም።

ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነውና መተርጎሙ በመምህር ደመላሽ ላይ ወደቀ። ገና እንደ ተጀመረ የቆመ ወፍጮ ታየ፥ ከወፍጮውም ቀጥሎ ጥቁር ነጠላ የመሰለ ነገር የደረበች አሮጊት በመስኮት አጠገብ ተቀምጣ ታየች። በዚያን ጊዜ መምህር ደመላሽ ዓይናቸውን ወደ ግራ መለሱ፤ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ጥቁር የለበሰች መበለት፥ ከቴሌቪዥኑም ፊት ጥቁር የለበሱ መበለት ፊት ለፊት ተቀምጠው አዩ። ፊልሙን ያጠፉት እንደሆነ ለምን እንዳጠፉት መናገር ሊኖርባቸው ነው፤ መናገሩ ደግሞ ከማሳየቱ የባሰ ሆነባቸው። ከወንበራቸው እንዳይነሡም በዐዋጅ ታስረዋል። ስለዚህ በጦር መጻሕፍት ያልተጻፈ አዲስ ስልት አወጡ፤ ፊልሙን አጣመው ሊተረጉሙ ቆረጡ።

ትንሿ ልጅ በዝናብ ውስጥ መጥታ በበሩ ላይ ቆመች፥ በጎልማሳ ወንድ ድምፅም ተናገረች። አሮጊቷ የያዘችው ሳህን ከእጇ ወድቆ ተሰበረ።

«ዱቄት ልትገዛ መጥታ ነው» አሉ መምህር ደመላሽ።

«ዱቄት ልግዛ ስትባል ሳህን የምትጥለው ለምንድን ነው?» አሉ የኔታ ገዳሙ።

«ዱቄቱ አልቆባት ነው፥ የኔታ። አፍራ ነው።»

ልጅቷ ገብታ በሳጥን ላይ ወጣች፥ የሟቹ ካፖርት ይሰቀልበት በነበረው ምስማር ላይ የራሷን እርጥብ ካፖርት ሰቀለች። መምህር ደመላሽም ዝናቡ እስኪያባራ ቆዪ ተብላ ነው አሉ። ልጅቷ የሟቹን ወንበር ሳበች፥ አንዱ እግሩ አጭር ነበርና ሟቹ ያደርግ እንደነበረው በእንጨት ቁራጭ ደገፈችውና ተቀመጠችበት፤ አሮጊቷም ፊቷን በእጆቿ ሸፍና አለቀሰች። መምህር ደመላሽ ለዚህ የሚሆን ትርጉም ፈልገው ቢያጡ፥ «ወንበሩ የአያቷ ቅርስ ነበር» አሉ።

የኔታ ገዳሙ ወደ እርሳቸው ዞረው፥ «ልጄ፥ እኔ ከኑፋቄ ጋር ልከራከር ነበር የመጣሁት። ይህ የዱቄት ነገር ከሆነ ምኑን እረታዋለሁ?» አሉ።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ የኔአለም ዓይኗን ከቁልፉ ሳታነሣ፥ «ደመላሽ፥ እንግሊዝኛ እኮ እኔም ትንሽ እሰማለሁ። ልጅቷ ባልሽ ነኝ ነው ያለቻት» አለች። ይህን ብላም ቀና አለች፥ ማን በሳሎኑ እንደተቀመጠም ያን ጊዜ ታወቃት፤ መርፌዋም ባለበት ቆመ።

ከላይ በቆርቆሮው ላይ በረዶ መውረድ ጀመረ።

«ደመላሽ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ፥ «ልጅቷ በሩ ላይ ስትቆም ነው የገባኝ። እንግሊዝኛውን ባልሰማውም የሴትዮዋን ፊት አየዋለሁ።»

«እትዬ፥ ሌላ ፊልም አለ፥ የሚያስቅ። ልቀይርልዎት?»

«አትቀይረው። እንዳለ ንገረኝ።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መምህር ደመላሽ በቀጥታ ተረጎሙ፤ ድምፃቸው ግን ክፍል ውስጥ እንደሚታወቀው ድምፃቸው አልነበረም። በፊልሙ ውስጥ አሮጊቷ ልጅቷን መፈተን ጀመረች። እውነት ባሌ ከሆንክ፥ በመጨረሻዋ ሌሊት ምን አልኩህ ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷም፥ ምንም አላልሽኝም፥ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር፥ ደክሞሽ ነበርና አልቀሰቀስኩሽም ብላ መለሰች።

ወይዘሮ ሥራነሽ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ፥ «እኔም ተኝቼ ነበር» አሉ። ለማንም የተናገሩት አይመስልም ነበር። «ሆስፒታል፥ አጠገቡ ቁጭ ብዬ። ስነቃ ሄዷል።»

የኔአለም ሸሚዙን አስቀምጣ መጣችና አጠገባቸው ተቀመጠች፥ እጃቸውንም ያዘች። የኔታ ገዳሙም ኑፋቄውን ለመርታት ያዘጋጁትን ጥቅስ ሁሉ በልባቸው መልሰው ከደኑ።

ከዚህ በኋላ ፊልሙ ወደ አስፈሪነቱ ገባ፤ መምህር ደመላሽ እውነት ለመናገር ደስ አላቸው፥ መፍራት ከማዘን ይቀላልና። የቆመው ወፍጮ በራሱ መዞር ጀመረ። ልጅቷ ፋኖስ ይዛ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች፥ አሮጊቷም ተከተለቻት፥ በሩም ቀስ ብሎ ተከፈተ። በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድባል። በበሩ ውስጥ አንድ ነጭ ነገር ተንቀሳቀሰ። መምህር ደመላሽ ይህ የብርሃን ነጸብራቅ ነው ብለው ሊያስረዱ አፋቸውን በከፈቱበት ቅጽበት፥ ያ በራሳቸው እጅ የመቱት ምስማር ተነቀለ፥ ነጩም ጋቢ ከመስኮቱ ወርዶ ከነራሳቸው ሸፈናቸው።

በዚህ ስፍራ ጸሐፊው ብዕሩን አስቀምጦ ሊሸሽ ወድዶ ነበር። መምህር ደመላሽ ከወንበራቸው ዘለሉ፤ ዝላዩም እንደ ዋልያ ነበር ብለን እንጽፍ ዘንድ በወደድን፥ ነገር ግን የቆሎውን ሳህን በጉልበታቸው ገለበጡት፥ በቆሎው ላይም ተንሸራተቱ፥ ነፍስ አትዛወርም ባሉበት አፋቸው «አብማ ማርያም ድረሽልኝ» እያሉ በየኔታ ገዳሙ ጀርባ ተሸሸጉ። ጋቢውም አብሯቸው ሄደ። በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ፥ ቴሌቪዥኑም ጨለመ።

መምህር ደመላሽ በጋቢው ውስጥ ሳሉ አንድ ድምፅ ሰሙ፥ በመጀመሪያም ልቅሶ መሰላቸው። ጋቢውን ገልጠው ቢያዩ ወይዘሮ ሥራነሽ እየሳቁ ነው። ጥርሳቸው ከታየ ስንት ጊዜው ነው። የነጠላቸውን ጫፍ በአፋቸው ላይ አድርገው፥ ትከሻቸው እየተናጠ፥ እንባቸው እየወረደ ሳቁ፤ የኔአለምም ሳቀች፥ የኔታም የማዕረጋቸውን ያህል ታግሠው በመጨረሻ ሳቁ።

«አበረም እንዲህ ነበር» አሉ ወይዘሮ ሥራነሽ ትንፋሻቸው ሲመለስ። «ያ ሁሉ ቁመት። አንድ ጊዜ እባብ ገባ ብሎ አልጋ ላይ ወጥቶ ጎረቤት ሁሉ ዱላ ይዞ መጣ። ቀበቶው ነበር።»

መብራቱ አልመጣም፤ ስለዚህ በጨለመው ቴሌቪዥን ፊት ተመልካቾቹ አስተያየታቸውን ሰጡ። የኔታ ገዳሙ፥ «ነፍስ አንድ ጊዜ ነው የምትሄደው፥ ትንሣኤን ትጠብቃለች፥ በሰው ልጅ ላይ አትመላለስም። ስለ ነፍስ ይህን ያህል አውርቶ ነፍስ የሌለው ፊልም አላየሁም» ብለው ፈረዱ። ደግሞም ዝቅ ባለ ድምፅ፥ «ልጅቷ ግን ከወፍጮ ቤቱ በደኅና ወጣች ይሆን?» አሉ። የኔአለም የልጅቷ ካፖርት ትከሻው ላይ ያለቅጥ እንደ ሰፋ ተናገረች።

ወይዘሮ ሥራነሽም እንዲህ አሉ፦ «ፊልሙ ውሸት ነው። አበረ ተመልሶ ቢመጣ በር ላይ ቆሞ ባልሽ ነኝ አይልም፤ ገብቶ የሚበላ ምን አለ ነው የሚለው። በሴት ልጅ ሥጋማ አይመጣም፥ ጸጉር እስኪሠሩት መቼ ቁጭ ብሎ» አሉና ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። ከዚያ፥ «ቢመጣ ግን አስገባዋለሁ። ማንንም ይምሰል» አሉ።

ከዚህ በኋላ ስለ አቶ አበረ ተናገሩ፤ እንዴት ሲሠራ ያፏጭ እንደነበረ፥ እንዴት የሰው በር ሁሉ ሠርቶ የራሱን በር ሳይሠራ እንደኖረ። በረዶው ወደ ዝናብ፥ ዝናቡም ወደ ካፊያ ተለወጠ፥ እርሳቸው ግን አላቆሙም። በመካከል መብራት ተመልሶ ቴሌቪዥኑ በራ፤ የኔአለም ሪሞቱን ከቆሎው ውስጥ ፈልጋ አጠፋችው፥ የሚከለክላትም አልነበረም። መምህር ደመላሽ በመሬት ላይ ተቀምጠው ቆሎ እየለቀሙ አዳመጡ። በሕይወታቸው ከዚያ ቀን በፊት ያን ያህል ጊዜ ምንም ሳያስረዱ ተቀምጠው አያውቁም።

ሲመሽም ለቡድኑ የመጨረሻውን ዐዋጅ ለቀቁ፦ «ፈርቻለሁ። መጨረሻውንም አላየሁም። ስለዚህ እወጣለሁ።» ወጡም። ማንም ተመለስ አላላቸውም።

ስለዚህ ለመምህር ደመላሽ ምስጋና ይገባቸዋል፤ በወንበራቸው ላይ ላልጸኑት፥ ምስማር መምታት ለማይችሉት፥ ቋንቋን ለምሕረት ላጣመሙትና በባለቤታቸው ለተጋለጡት፥ በቅኔ መምህር ጀርባ ለተሸሸጉት ኃያል። ሌሎች ጀግኖች ያሰቡትን ፈጽመው ተመሰገኑ። እርሳቸው ካሰቡት አንዱን እንኳ አልፈጸሙም፤ ነገር ግን በዘመናቸው በአብማ ሰፈር አንዲት መበለት ሳቀች፥ ስለ ባሏም እስኪመሽ አወራች፥ ወደ ቤቷም ስትገባ በአጥሩ በኩል ስታፏጭ ተሰማች።