የጋሽ ታፈሰ ነጭ ሽንኩርት

ለጤናው ከልክ በላይ የሚጨነቅ ጎረቤት ኖሯችሁ ያውቃል? በደርግ ጊዜ ናዝሬት ሳለሁ እኔ ነበረኝ። ጋሽ ታፈሰ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ናቸው።

«ሰውነታችን ውስጥ ግሉታታዮን የሚባል ጉበት የሚያጥብ ነገር አለ፤ የሚያበዛውም ነጭ ሽንኩርት ነው» ይሉና በየማለዳው አምስት ፍሬ በጥሬው ያኝካሉ። ከላዩ ላይ የቪታሚን ክኒን ያስከትላሉ።

አንድ እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ ጆሮአቸው ስለከበደ፣ ከሊቀመንበሩ ፊት ተቀመጡ። ስለ ቦኖው ውሃ ሊጠይቁ ተነስተው ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ሊቀመንበሩ ፊቱን አዞረ።

«ጓድ ታፈሰ፣ ያመመዎት ይመስለኛል። ቤትዎ ሄደው ይረፉ።»

«ኧረ ደህና ነኝ፤ እንደዛሬ ጤነኛ ሆኜም አላውቅ።»

«ግድ የለም፣ ይሂዱ።»

እሳቸው ጥያቄያቸውን እንደያዙ አዝነው ወጡ። እኛ ግን እስከ ቀትር ድረስ የምንሰበሰበው በቅናት አየናቸው።

በሳምንቱ አዳራሹ በሙሉ ነጭ ሽንኩርት ሸተተ። ለካ እንደኔ ያሰበው ብዙ ነው! ሊቀመንበሩ በግማሽ ሰዓት ስብሰባውን ዘጋ። ስወጣ በር ላይ ክንዴን ያዘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ለመሆኑ ስንት ፍሬ ነው የሚበላው? ሰኞ እኔም የምሰበሰብበት ቦታ አለ» አለኝ።