ስለ አራቱ ሾክ አብዞርበርና ስለ አማት ወገብ የተጻፈ ዜና

በዘመነ ሰማያዊት መኪና፣ እርሷ ወደ ቤት በገባች በአራተኛው ዓመት፣ የፊት ጎማዎቿ በተለወጡ በሦስተኛው ወር፣ ሥዩመ መሪ፣ ኃያለ ፍሬን፣ ጸረ ኮን የሆነው፣ በውድድር ማኅበሩ ሹፌሮች ዘንድ አባ ጠመዝማዛ የሚባለው መነጽር ሠሪ የፈጸመውን ሥራ፣ ከራሳችን ብዙም ሳንጨምር እነሆ ጻፍን።

ይህ ሰው በሥራ ቀን የሰው ዓይን እየለካ የሚውል ጭምት ነበረ። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ ግን በሰፊው የመኪና ማቆሚያ ላይ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ኮኖች ሲደረደሩ፣ አውቶክሮስ በሚባለው የአማተሮች ውድድር በኮኖቹ መካከል እየተጠማዘዘ ከሰዓት ጋር ይዋጋ ነበር። መኪናዪቱ ኩርባ ላይ እንደ ጀልባ እየተንጋለለች ብታሳፍረው የጎማውን ንጠት የሚይዘውን ሾክ አብዞርበር ደረቅ ዓይነት አስገጠመላት፤ እርሷም መንጋለሏን ተወች፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንገድ ያለ ጠጠር ሁሉ በመቀመጫው በኩል ራሱን ያስተዋውቅ ጀመር።

ይህችው መኪና ማክሰኞ ማክሰኞ ክብርት አማቱን፣ አርባ ዓመት በልብስ ስፌት መኪና ላይ አጎንብሰው የወገብ ዲስካቸው የተንሸራተተውን እመቤት፣ ወደ ፊዚዮቴራፒ ታደርስ ነበርና፣ አንድ ማክሰኞ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ስትወጣ እመቤቲቱ አንዴ ጮኹ፤ ከዚያም እስከ ቤት ድረስ የበሩን እጀታ እንደ ጨበጡ ተጓዙ። ከደጃፍ ሲደርሱም እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«ስማ ልጄ፣ ዕቃ አይደለሁም። ከዛሬ ጀምሮ እዚች መኪና ውስጥ አልገባም።»

በታክሲ እሄዳለሁ ቢሉም፣ የማያውቁት ሹፌር ደግፎ እንዲያወርዳቸው ስላፈሩ፣ ሁለት ማክሰኞ ሕክምናቸው ቀረ፤ በሦስተኛውም ሳምንት ከአልጋ ለመነሣት ግድግዳ መያዝ ጀመሩ። ያን ጊዜ ሚስቱ ዐወጀች፦

«ከውድድርህ አላስቀርህም፤ እናቴም ቤት አትቀርም። ሁለቱን የሚያስታርቅ ነገር ፈልግ። እስከዚያ ስለ ኮን እንዳትነግረኝ።»

አባ ጠመዝማዛም ከኮን ሌላ ወሬ ስላልነበረው አራት ቀን ራቱን በዝምታ በላ። በአምስተኛው ቀን ግን እሑድ የሚጠብቅ፣ ማክሰኞ የሚላላ፣ እንደ ልብ የሚስተካከል ሾክ አብዞርበር መኖሩን አነበበ፤ ሠራዊቱንም አስከትቶ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ዘመተ። የተከተሉትም እነዚህ ናቸው፦ የሞተር ሕመም በድምፅ የሚለየው፣ ጆሮው የተባለው መካኒክ፤ የማኅበሩ ፈጣን ሹፌር የሆነው የጥርስ ሐኪም፤ እና የጀግናው መኪና የእርሱን መውጫ ስለዘጋችበት ብቻ አብሮ የመጣው የሚስቱ ወንድም።

ባለሱቁ ሁለት ዓይነት አቀረበ። አንደኛው የወርቅ መልክ ያለው ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ማስተካከያ፣ በጠቅላላው ስምንት ነበረው። ሐኪሙም ዐወጀ፦

«እኔ የማስረው ይሄን ነው። አንዱ ሾኩ ሲጨመቅ ያለውን ይቆጣጠራል፣ ሌላው ሲመለስ። ይሄን ካሰርክ ሰው ሆንክ ማለት ነው።»

የጀግናው ልብ ቀለጠ፤ እጁም ወርቃማውን እንደ ሕፃን ታቀፈ። ሁለተኛው ግን ጥቁር፣ ትሑት፣ አንድ ማስተካከያ ብቻ ከታች በኩል ያለው ነበርና ማንም አላየውም። ጆሮው ብቻ አንሥቶ አዟዟረውና ዐወጀ፦

«የወርቁ የኋላ ማስተካከያ እኮ በአንተ መኪና መቀመጫው ሥር ነው የሚወጣው። በየሰኞው መቀመጫ ልትነቅል ነው? ይሄኛውን ግን በጎማው ኋላ እጅህን ሰደህ፣ የሥራ ልብስህን ሳትቀይር ታዞረዋለህ። ደግሞ ስምንት ካለህ የትኛውን እንዳበላሸህ አታውቅም።»

ባለሱቁ እስኪሰለች፣ የሚስቱም ወንድም ሁለት ጊዜ ሰዓቱን እስኪያይ ድረስ ጀግናው ቆመ። በዓይኑ ፊት የማኅበሩ ሹፌሮች ወርቁን ከበው ሲያደንቁ ታየው፤ ቀጥሎ ግን ግድግዳ የያዘች እጅ ታየችው። ወርቃማውንም አስቀመጠና ጥቁሩን አነሣ። የውጊያውም ከባዱ ሰዓት ይህ ነበር።

ቅዳሜ ተገጠመ። እሑድ አጥብቆ ተወዳደረ፤ አንድ ኮን ገደለ፤ ከዐሥራ አራት ሹፌሮችም ስድስተኛ ወጣ።

ሰኞ ከሥራ ሲመለስ አማቱን ከደጅ ቆሞ ለመናቸው፦

«እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። መኪናዋ አሁን ትታዘዛለች፤ ልኩን ግን እርስዎ ነዎት የሚያወጡት።»

እመቤቲቱም ትራስ ይዘው ከኋላ ተቀመጡ፤ ሰፈሩን አምስት ጊዜ ዞሩ፤ በየዙሩም ጀግናው ተንበርክኮ ማስተካከያውን ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ አዞረ። እርሳቸውም ከመስኮት ዐወጁ፦

«ደረቅ ነው፤ አላላው!... ኧረ አሁንስ ዋለለች፣ አቅለሸለሸኝ! ሁለቴ መልስ። የስፌት መኪና ክር አስተካክለህ አታውቅም እንዴ?... እሺ። በቃ፣ እንዳትነካው!»

ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሕክምናው ሲጓዙ ከኋላ ድምፅ ጠፋ። ጀግናው ደነገጠ፤ ቀስ ብሎ በመስተዋት አየ፤ እመቤቲቱ አፋቸውን ከፍተው፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተኝተዋል። ከክሊኒኩ ደጅ ሲደርስም ሊቀሰቅሳቸው አልደፈረም፤ ቦታውን ልቀቅ የሚለውን ዘበኛ በእጅ ምልክት እያባበለ፣ ፊዚዮቴራፒስቷ ራሷ እስክትወጣ ድረስ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀ።

ሥዩመ መሪ ሆይ፣ ኃያለ ፍሬን ሆይ፣ ክብርህ ይብዛ! ከተማ የከበቡ፣ ወንዝ የተሻገሩ፣ ምሽግ የሰበሩ ብዙዎች ናቸው፤ አማታቸውን በመንገድ ላይ ያስተኙት ግን በመዝገባችን አንተ ብቻ ነህ።