ስኳር ልመረመር ሄጄ

በዚህ ዘመን ከሐኪም በላይ ለጤናችን የሚጨነቀው ለስላሳ ሻጭ ነው! አትሳቁ... እኔም ሳይደርስብኝ በፊት ስቄ ነበር።

ሰሞኑን እዚህ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈራችን ድንኳን ተተከለ። «ነጻ የስኳር ምርመራ» ይላል፤ ከጽሑፉ ጎን የተሳለው የለስላሳ ጠርሙስ ግን ቁመቱ እኔን ያህላል። ደስ አለኝ። ባለቤቴ መርየም «አንተ ሰውዬ ስኳር አለብህ» እያለች የሻይ ማንኪያዬን መጠበቅ ከጀመረች ሰንብታለች። ነጻ ነህ ከተባልኩ ሻይዬ እንደ ድሮው ሊጣፍጥ፣ አለብህ ከተባልኩ እስከ ዕለተ ሞቴ መራራ ልጠጣ ተስማማን።

ሰልፉ ረጅም፣ ፀሐዩ የድሬ ፀሐይ! የለስላሳ ፋብሪካውን ቲሸርት የለበሰች ሴት ቀዝቃዛ ለስላሳ ታድላለች።

«አባባ ይውሰዱ፣ በነጻ ነው!»

የሰው እጅ ይመለሳል እንዴ? ጠጣሁ። ሰልፉ አልንቀሳቀስ አለ፤ ደገምኩ።

ነርሷ ጣቴን ወግታ መሣሪያዋን ስታይ ደነገጠች።

«አባባ፣ ምን ጠጥተው ነው የመጡት?»

«የሰጣችሁኝን ነዋ!»

«እኛ አልሰጠንም፤ ስፖንሰሩ ነው።»

«ስፖንሰሩንስ ማን አመጣው?»

«እሱ ነው እኛን ያመጣን» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ነገ በባዶ ሆድዎ ጤና ጣቢያ ይምጡ።»

ሄድኩ። የጤና ጣቢያው በር ላይ የተዘረጋው ጥላም ያንኑ ጠርሙስ ተስሎበታል። ደሜ በባዶ ሆድም ያው ሆነ... አለብኝ! ፋብሪካው ላይ ላወርደው ያዘጋጀሁት ስድብ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ ጣፋጯ ሻይዬም በዚያው ቀን አረፈች።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ ጠያቂ ጎረፈ። ቀድሞ የደረሰው እኩያዬ፣ ባለሱቁ አብዲ ነው፤ በሁለት እጁ ፌስታል አንጠልጥሏል።

«አቦ፣ አላህ አፊያህን ይመልስልህ! ስኳር ነው አሉ?»

«ስኳር ነው።»

«አብሽር! ይኸው ለስላሳ አምጥቼልሃለሁ፤ ጠጣና በርታ!»

ከእሱ በኋላ የመጣውም እንደዚያው። በሽተኛ በባዶ እጅ አይጠየቅማ! አልጋዬ ሥር የፋብሪካው መጋዘን ሆነላችሁ። ፋብሪካው ለማስታወቂያ ገንዘቡን ባያባክን ይሻለዋል፤ እኛ ያለ ደሞዝ እየሠራንለት አይደል?

ይህን ልማድ በሰፈራችን ላስቀር ቆርጬ ተነሣሁ። ትናንት ጎረቤታችን ሐጂ ዑመር ስኳራቸው ከፍ ብሎ ተኙ ተባለ። ልንጠይቃቸው ስንወጣ መርየም በሩ ላይ ቆም አለች።

«ባዶ እጃችንን ነው እንዴ የምንሄደው?»

«እንዴት ተደርጎ!» አልኩና አልጋው ሥር ገባሁ። ሐጂ የሚወዱትን፣ ያንን በጣም የሚጣፍጠውን፣ መርጬ አወጣሁ።