የጋሽ ምልኬሳ አውራ ጣት

ያበጠ እግር የሚደበቅበት ሰፈር በዓለም ላይ የለም። አጥሩ የቱንም ያህል ቢረዝም ጎረቤት ይደርስበታል፤ ደርሶም ዝም አይል፣ መጥቶ ይጫነዋል።

ኣብርሀት ይህን ያወቀችው ልጇ ሉዋም ልትዳር ሳምንት ሲቀራት ነው። ያኔ ሲኤምሲ በልማት ስም ያልተቆፈረ ደጃፍ አልነበረውም። በሯ ላይ የተቆፈረው ቦይም ቆፋሪዎቹ ከተሰወሩ በኋላ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። እሱን ስትሻገር እግሯ ዞረ፤ ማታውን የቀኝ እግሯ ጀርባ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።

ሐኪም ቤት ስትሄድ ሐኪሙ አገላብጦ አየው። «አጥንቱ ደህና ነው፤ ወለምታ ነው። ያሳርፉት፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙበት፣ ሲተኙ ትራስ ላይ ከፍ ያድርጉት። ሁለቱም እግርዎ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረዎት ግን ቶሎ ይምጡ።»

ሐኪሙ ያላሰበው ክቡር ጋሽ ምልኬሳን ነው። ሰፈሩ የጤፍ ማሳ ሳለ አራሹ እሳቸው ነበሩ፤ ቪላ ከበቀለበት ወዲህ ጎረቤት ማረስ ይዘዋል። በየጠዋቱ ይመጣሉ፣ አውራ ጣታቸውን እብጠቱ ላይ ይተክላሉ፣ የሰረጎደው እስኪሞላ በአርምሞ ይጠብቃሉ። ሰኞ «ኩላሊት ነው» አሉ። በማግስቱ ልብ ሆነ። ረቡዕ፣ በጾም ቀን፣ «ሪህ ነው፤ ሥጋ ታበዣለሽ» ብለው ገሠጿት።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ እኮ ወለምታ ነው ብሏል።»

«እሱ ልጅ ነው! እግርሽን የት ያውቀዋል?» በረዶውንም ብርድ ያስገባብሻል ብለው ደፉት።

ኣብርሀት በሆዷ ትረግማቸዋለች። ልጇን ቆማ ሳትድር ብትቀር ምን ይውጣታል? ይህ አውራ ጣት እያለ እብጠቱ መቼ ሊጎድል ነው?

በሠርጉ ጠዋት ትንሽ ጎድሎላታል፤ መርገጥ ግን አልቻለችም። መኪናው ከቦዩ ማዶ ቆሟል። ዘመዶቿ ተሸክመው ሊያሻግሯት ሲከራከሩ ከጎረቤት የብረት ጩኸት ተሰማ። ጋሽ ምልኬሳ የገዛ ግቢያቸውን በር ነቅለው፣ ከልጃቸው ከቢቂላ ጋር እየጎተቱ መጡና የበሩን ሁለት ተካፋቾች ቦዩ ላይ አጋደሟቸው። መኪናው በላዩ ተሻግሮ እደጇ ቆመ።

«ቀስ ብለህ ንዳ!» አሉት ሹፌሩን። «ደም ሥሯ እንዳይናወጥ!»

«ጋሼ፣ ይግቡ እንጂ!» አለች ኣብርሀት መኪናው ውስጥ ሆና።

«በር የሌለው ቤት ጥዬ የት እሄዳለሁ? እኔ እጠብቃለሁ። አንቺ ብቻ እንዳትጨፍሪ።»

ወንበር አውጥተው ባዶው ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ኣብርሀት ዞራ እያየቻቸው እንባዋ ቀደማት። አዳራሹ ውስጥ «እግርሽን ምን ሆንሽ? ሐኪም አየው?» ላሏት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር።

«አይተውታል፤ ዛሬ ቤት እየጠበቁ ስለሆነ ነው ያልመጡት።»