የአባ ሀያት ፍል ውሃ ቧንቧ

የማንቆርቆሪያችሁን ሆድ ገልጣችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሂዱና እዩት፤ እጠብቃለሁ። ያ ነጭ ቅርፊት ድንጋይ ነው። ውሃ ሲሞቀው የተሸከመውን ሁሉ መያዝ አይሆንለትም፤ ድንጋዩን ጥሎልን ይተናል። እኛም ምንም እንዳልተፈጠረ ሻይ እናፈላበታለን።

ይህን ያስተማረኝ ጉልበቴ ነው። ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ስለወጣ፣ ከሰፈሬ ከመንደራ ቆጪ በባጃጅ፣ ከዚያ በሚኒባስ ሸቤ ድረስ ሄጄ፣ ቡናው መሃል ወዳለች አንዲት ፍል ውሃ እወርዳለሁ። ጠዋት እንፋሎቱ በቅጠሉ መሃል ሲንሳፈፍ በሕልሜ የምራመድ ይመስለኛል። የሰላምታ ድምፅ ይመጣል፤ ፊቱ ቆይቶ ነው የሚከተለው።

የመታጠቢያው ጠባቂ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እዚያው ብቻቸውን ይኖራሉ። ሰው ሁሉ በአንድ ልጃቸው ስም አባ ሀያት ይላቸዋል። አምና ቧንቧቸውን ድንጋይ ሞላውና ውሃው እንደ ክር ቀጠነ፤ መታጠቢያው ሊዘጋ ምንም አልቀረው። ሀያት ተጠራች። እሷ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከመሬት በሚወጣ እንፋሎት መብራት የሚያመነጭ ጣቢያ መሐንዲስ ናት፤ ሥራዋ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ቧንቧ ውስጥ ድንጋይ እንዳይጋገር መከላከል ነው። ኢድን እንኳ በስልክ ነበር የምታከብረው። ለቧንቧው ግን በማግስቱ ከተፍ አለች!

ጥፋቱን ባንዴ አገኘችው። አባ ሀያት ቫልቩን ምንጩ አፍ ላይ ተክለው፣ «ውሃም ይደክመዋል፣ ይረፍ» እያሉ በየቀኑ ከቀትር እስከ አስር ሶላት ሰዓት በግማሽ ይዘጉታል።

«አባዬ፣ ምንጩ አፍ ላይ ሲዘጋ እኮ ግፊቱ ቀንሶ ውሃው ውስጥ ያለው ጋዝ ያመልጣል፤ ጋዙ ሲያመልጥ ድንጋዩ ቧንቧው ላይ ይቀራል» አለቻቸው። «እኛ ጋ ውሃው ገና ጉድጓዱ ውስጥ ሳለ መድኃኒት እናንጠባጥብበታለን። እዚህ ሰው ይታጠብበታል፣ አይሆንም። ቫልቩ መጨረሻው ጫፍ ላይ ይሁን፤ ቧንቧው ሁልጊዜ ሙሉ ይሁን።»

ሳምንት ሙሉ ድንጋይ ስትፈለፍል፣ ቧንቧ ስትቀይር፣ ቫልቩን ወደ ጫፉ ስታዛውር ሰነበተች። አባ ሀያት ሲስቁ የሰማሁት ያን ሳምንት ነው። ውሃው ተንዶቀዶቀ፤ እሷም ሄደች።

በቀደም ስወርድ ቫልቩ ተመልሶ ምንጩ አፍ ላይ ጉብ ብሏል፤ ያውም ግማሽ ተዘግቶ።

«ምነው አባ ሀያት! ልጅቷ ያን ያህል ደክማ?»

ግራ ቀኝ አዩ። «ማሎ፣ እባክህ እንዳትነግርብኝ። ራሴ ነኝ ፈትቼ የመለስኩት። ቧንቧው ደህና ከሆነ በምን ሰበብ ትመጣለች?»

ልቆጣቸው ነበር፤ አንጀቴን በሉኝ። ጉልበቴን እያሻሸሁ፣

«በዚህ አያያዝ መቼ የሚደፈን ይመስልዎታል?» አልኳቸው።

ቧንቧውን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ለኢድ ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ።»